የፎቶግራፍ አንሺው ዓይን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ዳሩ ግን ሰው በሽታውን ለምን ይደብቃል ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። እኔም ብሆን ይህን ጥያቄ ያነሣሁት በቅርቡ ነው፤ ያስተማሩኝም የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይሆኑ አንድ የአረቅጥ ከተማ ፎቶግራፍ አንሺ ናቸው።

እኒህ ሰው ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚያስፈልገኝን ጉርድ ፎቶግራፍ ያነሡልኝ ናቸው። ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ከተሞች ወደ ጉመር የሚገባው ሰው ብዙ ስለ ሆነ፣ ከዓመት ገቢያቸው አብዛኛውን የሚያገኙት በዚያ ሰሞን ነው። ክትፎው ተበልቶ፣ ቤተ ዘመዱ አዲስ ልብሱን ለብሶ ከእንሰቱ ፊት ሲሰለፍ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው።

በተመረቅሁ ማግሥት ለመስቀል አገሬ ገብቼ ከእናቴ ጋር ተነሣሁ። ፎቶግራፉ ታትሞ ሲመጣ ግን መልካችን ደብዝዟል፤ የእናቴ ነጭ ነጠላም ወደ ሰማያዊ አድልቷል። «ጋሼ፣ ደመና ውስጥ አስገብተው ነው እንዴ ያነሡን?» ብዬ ቀለድሁ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እርሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው የካሜራውን ሌንስ በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሌንሱስ ንጹሕ ነው፤ የደፈረሰው የእኔ ዓይን ነው» አሉኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገሩም ነበር። ፎቶግራፍ አንሺ «ዓይኔ ደከመ» ካለ ማን ይጠራዋል? ዓለሙ ሁሉ ብጫ ሆኖ ስለሚታያቸው፣ ነጩ ነጭ እስኪመስላቸው ድረስ በኮምፒውተሩ ላይ ሰማያዊ ቀለም ሲጨምሩ ኖረዋል።

የያዛቸው የዓይን ሞራ ነበር። ይኸውም ከብሌናችን በስተኋላ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ በዕድሜ፣ በስኳር በሽታ ወይም በጉዳት ምክንያት ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። ዓይንን በካሜራ ብንመስለው፣ ብሌን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ሬቲና ደግሞ ሥዕሉ የሚያርፍበት ፊልም ይሆናል። የደፈረሰው ሌንስ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ብጫ ወይም ቡናማ እየሆነ ሲሄድም ሰማያዊውን ቀለም አያሳልፍም። ዝነኛው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ክሎድ ሞኔም ይኸው ደርሶበታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 የዓይን ሞራ እንዳለበት ተነግሮት ሳለ፣ ፈርቶ ቀዶ ሕክምናውን እስከ 1923 ድረስ አቆየው። በፈረንሳይ የነበረ ስመ ጥር ሰው እንዲህ ከፈራ፣ የአረቅጡ ሰው ቢፈሩ ምን ይደንቃል?

ከደጋው ተነሥተን ወደ ቡታጅራ ሄድን። በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ የደነዘዘው ዓይናቸው ብቻ ስለ ነበረ የሐኪሙን ድምፅ እየሰሙ፣ ብርሃን እያዩ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሥራው አለቀ። የደፈረሰው ሌንስ በትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ተተካ። ይህን ዓይነት ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ የተከለው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ሲሆን፣ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1949 ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከአውሮፕላን መስኮት ተሰብሮ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ የቀረ የፕላስቲክ ስባሪ ዓይኑን እንደማያስቆጣ ተመልክቶ ነበር።

በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ የመስቀሉን ፎቶግራፍ ከእኔ ተቀብለው አዩትና፣ «ይህንን ነው ለሰው በገንዘብ የሸጥሁት?» አሉ። ወደ አረቅጥ እንደ ተመለሱም በዚያ መስቀል ያነሡትን ሁሉ ቀለሙን አስተካክለው ያለ ዋጋ ደግመው አተሙ። እኔም በቀልዴ አፈርሁ።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ያስቀመጣቸው ምን ነበር? በቡታጅራ የግራርቤት የዓይን ሆስፒታል አለ፤ በአዲስ አበባም ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ልጆቻቸው ገንዘብ ይልኩላቸዋል፤ በስልክ ሲጠይቋቸው ግን መልሳቸው «ደኅና ነኝ» ነው። የጎደላቸው እጃቸውን ይዞ የሚወስዳቸው አንድ ሰው ነበር። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከአገራችን ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ብዙዎቹ ማየት የሚችሉ ሆነው ሳለ በጨለማ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

የዓይን ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ እነርሱም በትልልቅ ከተሞች ተሰብስበዋል የሚል ሰው እውነቱን ነው። ዳሩ ግን ያለውንስ በሚገባ ተጠቅመንበታል ወይ? የዓይን ሕክምና ዘመቻ በመጣ ጊዜ በመሥሪያ ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈን ሥራችንን እንደ ጨረስን እንቈጥራለን። ማየት ለተሳነው ሰው ወረቀት መለጠፍ ምን ዓይነት ማስታወቅ ነው? ወጣቱ ሹም ማስታወቂያውን በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በእድር ቢያስነግረው፣ ለሚሄዱትም መኪናና አጃቢ ቢያስብላቸው፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሥራ በሠራ ነበር።

ለተማሪውም የሚሆን ሥራ አለ። ወደ አገሩ በገባ ጊዜ የአባቱን አንድ ዓይን በእጅ አስሸፍኖ፣ በሌላው ከሩቅ ጣት ቢያስቈጥራቸው ምንም ወጪ የለውም። ከዚያ በኋላ ምርመራው የሐኪም ፈንታ ነው፤ የደከመ ዓይን ሁሉ የዓይን ሞራ አይደለምና። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም፤ መድኃኒቱም ሳይብስ መድረስ ብቻ ነው።

ዛሬ በእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ሁለተኛው ነው፤ ነጠላዋም ነጭ ነው። እኛ የመስቀል ሰሞን ለወላጆቻችን ጋቢና ጫማ ይዘን እንገባለን፤ መልካም ነው። ግን ከጋቢው ጋር «ዓይንዎ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄም ይዘን እንግባ። «ደኅና ነው» ቢሉንም ፈጥነን አንመን።