ከራት በኋላ ምን እናቅርብ?

እንደ ልማዳችን በዚህ ዓምድ ስለ ቤትና ስለ ማዕድ እንጨዋወታለን። የዛሬው ጨዋታችን ስለ መጠጥ ነው። መጠጥ ሲባል ስካር ትዝ የሚለው አንባቢ ቢኖር አይደንግጥ። ሰው ራቱን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ እስኪሰነባበት ድረስ ያለችው ጊዜ፣ ከቀኑ ጊዜ ሁሉ ወግ የሚጥምባት ናት። በዚያች ሰዓት በእንግዳችን እጅ የምናኖረው ብርጭቆ ምን ይሁን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አፍሬ ተማርሁት።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለአስተማሪነት ወደ ጅጅጋ በሄድሁ ጊዜ፣ በሻንጣዬ ውስጥ ከመጻሕፍቴ ጋር ሁለት ጠርሙስ ወይን ጠጅ ነበረ፤ አንዱ ጉደር፣ አንዱ አክሱማይት። ቤት ተከራይቼ በገባሁበት ቀን፣ ገና አልጋዬን ሳልዘረጋ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ወተት ላኩልኝ። በሶማልኛ የአባትን ወንድም «አደር» ይሉታል፤ ታላቅ ሰውም በአክብሮት የሚጠራው በዚሁ ስም ነውና እኔም «አደር» እያልሁ እጠራቸው ጀመር። እርሳቸውም «ማአሊን» ይሉኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው።

ሁለት ወር ከተቀመጥሁ በኋላ ውለታ ልመልስ ብዬ አደርን፣ አንድ የሶማሌ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬንና ከደጋ የመጡ ሁለት መምህራንን ራት ጠራሁ። የሥጋውን ነገር አስቀድሜ አስቤበታለሁ፤ የማን ቢላዋ አረደው የሚል ጥያቄ እንዳይነሣ ምስር ወጥ፣ ሽሮና ሩዝ ብቻ አሠራሁ። በዚህ ብልኅነቴም ኮርቼ ነበር። ምግቡ በደስታ ተበላ። ከዚያ በኋላ ለአደርና ለባልደረባዬ ለስላሳ አቅርቤ፣ ለእኛ ለሦስታችን ጉደሩን ከፈትሁ። «እነርሱ የራሳቸውን፣ እኛ የራሳችንን» ብዬ ነው።

አደር ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «የጸሎት ሰዓት ደረሰ» ብለው ተነሡ። እኔም ደንግጬ «በሞቴ ይቀመጡ!» አልሁ። እርሳቸው ግን ፈገግ ብለው፣ መርቀውኝ ወጡ። ባልደረባዬም ሊሸኛቸው ተከትሎ ሄደ። ያልተነካው ለስላሳ ከጉደሩ ጠርሙስ ጎን ቀረ።

በማግሥቱ ባልደረባዬ ነገሩን አስረዳኝ። ወይን ለሙስሊም እርም መሆኑን ማንም ያውቃል። እኔ ያላወቅሁት ግን ብዙ ምእመናን ወይን ከሚዞርበት ማዕድ መቀመጥንም እንደሚጠነቀቁ ነው። አደር በእኔ ተቆጥተው ሳይሆን ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ነው የተነሡት። ያም «በሞቴ» የምንለው ቃል፣ በአገራችን የፍቅር ማጥመጃ የሆነው፣ በዚህ ጊዜ ሰውን ከእምነቱና ከአክባሪው መካከል አጣብቆ የሚይዝ ወጥመድ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቅ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድሁ። ይቅርታዬን ገና ሳልጨርስ «ተወው፣ ተወው» አሉና ሻይ እንዲመጣ አዘዙ። ለሁሉም የቀረበው ሶማሌዎች «ሻህ ዓዴስ» የሚሉት በወተት የፈላ ሻይ ነው፤ የእኔ ብርጭቆ ብቻ ጥቁር ነበር። ግራ ተጋብቼ ባይ ጊዜ አደር እንዲህ አሉኝ፦ «ማአሊን፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ? ወተት እንደማትጠጣ እናውቃለን።»

አንባቢ ሆይ፤ እኔ የእርሳቸውን ሕግ ሳልጠይቅ፣ እርሳቸው የእኔን ጾም ቆጥረው ጠብቀውልኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መጠጥ ምርጫ የማውቀው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ከጠርሙሱ በፊት እንግዳውን ምረጥ፤ ይኸውም ማን እንደሚመጣ እወቅ። በዚህም ምክንያት ማዕዴን በሁለት ከፍዬዋለሁ።

የመጀመሪያው የሚጠጣና የማይጠጣ ሰው አብሮ የሚቀመጥበት ማዕድ ነው። በዚህ ጊዜ ወይኑ ከሣጥኑ አይውጣ። የሚቀርበው ሁሉም የሚካፈለው ይሁን፤ ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው ምትክ አይሁን። ከዚህ ዓይነቱ መጠጥ ሁሉ አንደኛው በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌ ቤቶች የሚፈላው ሻህ ነው። አሠራሩን ከአደር ባለቤት ተምሬአለሁ። የተወቀጠ ሄል፣ ቀረፋ፣ ጥቂት ቅርንፉድና ዝንጅብል በውኃው ውስጥ አስቀድመው ይፍሉ፤ ቅመሙ ከተዋሐደ በኋላ ሻይ ቅጠሉና ስኳሩ፣ በመጨረሻም ወተቱ ይግባ። ቅጠሉ ብዙ ከፈላ ይመራልና አትዘንጉት። በጾም ቀን ወተቱን መተው ነው፤ ያንጊዜ ስሙ «ሻህ ቢጌስ» ይባላል።

የግመል ወተት የተገኘ እንደ ሆነ ጣዕሙ ከላም ወተት ይለያል፤ ግመሊቱ እንደ ቀመሰችው ቅጠል ጥቂት ጨው ጨው ይላል። ቫይታሚን ሲም ከላም ወተት የበለጠ አለው። ዕቃው በጢስ የታጠነ ሲሆን ደግሞ ያ የጢስ ሽታ በወተቱ ላይ ይቀራል፤ የለመደው ሰው ያለ እርሱ አይጥመውም። ለአዲስ እንግዳ ግን ጥቂት ጥቂት ማለት፣ አስቀድሞም ማፍላት ደግ ነው፤ ጥሬ ወተት በሽታ ያስተላልፋልና።

ሐረርጌ የቡና አገር ስለ ሆነ ከፍሬው ሌላ ገለባውና ቅጠሉም ይጠጣል፤ የገለባው ሐሸር፣ የቅጠሉ ቁቲ ይባላል። ለማታ ደስ የሚል ነገር ነው። የሚያስደንቀውም «ቃህዋ» የሚለው የዐረብኛ ቃል ለቡና ከመሰጠቱ በፊት በጥንት ባለቅኔዎች ዘንድ ከወይን ስሞች አንዱ መሆኑ ነው። ስሙ ከጠርሙስ ወደ ጀበና ከተሻገረ፣ እኛ መሻገር ለምን ያቅተናል?

ከደጋ የመጣ ሰው የራሱን ሊያቀርብ ቢወድ ብርዝ አለለት። ማሩ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ሳይነካው የሚቀርብ ነው፤ ጠጅ የማይጠጡ ሰዎች በየድግሱ የሚከበሩበት መጠጥም ይኸው ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን የተበጠበጠ ይሁን፤ ብርዝ ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ከሰነበተም ወደ ጠጅነት ይሄዳልና እንግዳን ሳያውቅ ማሳሳት ይሆናል። አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥም አለ፤ ሆኖም የቢራ መልክ ስላለው የማይወዱት ብዙ ናቸው፤ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ማዕድ ሁሉም የሚጠጣበት ነው። እዚህ ላይ ወይን መምረጥ የሚያስፈራቸው ወጣቶች አሉ፤ አያስፈራም። ከጥብስ ጋር እንደ ጉደር ያለ ጣፋጭነት የሌለው ቀይ ይስማማል። ከዓሣ ጋር እንደ አዋሽ ክሪስታል ያለ ነጭ ይቅረብ። ዶሮ ወጥ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ ደረቅና ጎምዛዛ ቀይ ወይን የበርበሬውን ማቃጠል ያብሰዋል፤ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ያበርደዋል። አክሱማይት ጣፋጭ ስለ ሆነ ከምግብ በኋላ፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ለጨዋታ የተመቸ ነው። ከዝዋይ፣ ከዛሬዋ ባቱ አጠገብ ከተተከለው የወይን እርሻ የሚመጡት ሪፍት ቫሊና አካሺያም በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርበው ምርጫችንን አስፍተውልናል።

«ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ምክር ቀዝቃዛ ቤት ላላቸው አውሮፓውያን የተነገረ ነው፤ 16 ወይም 18 ዲግሪ ማለታቸው ነው። በቆላ ከተማ ከሰዓት በኋላ የዋለ ጠርሙስ ከዚህ በላይ ይሞቃልና ጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። በሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ዋጋው ቢረክስም አትግዙ። የተከፈተውንም ደፍናችሁ በማቀዝቀዣ ብታኖሩት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ «እንዳይበላሽ እንጨርሰው» የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አይሠራም።

ኮኛክና ኡዞ በመቶ 40 ገደማ አልኮል ስላላቸው የወይን ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳሉ። አንድ መለኪያ በቂ ነው። ኡዞ ውኃ ሲገባበት እንደ ወተት የሚነጣው የአኒስ ዘይቱ በውኃ ስለማይሟሟ ነው፤ መበላሸቱ አይደለም። መኪና የሚነዳ፣ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ያረገዘች እንግዳ ብትኖር ደግሞ «በሞቴ» የሚለውን ቃል አፋችን ውስጥ እናስቀረው። አንድ ጊዜ «አይሆንም» ያለ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም።

አክሱማይቴ እስከ ፋሲካ ቆይቶ ከሁለቱ መምህራን ጋር ተከፈተ። ከዚያ በፊት ግን አደር እንደገና ራት መጥተዋል። ሻሁን በገዛ እጄ አፈላሁ። አንድ ጊዜ ቀምሰው፣ ብርጭቆውን ዐይተው «ማአሊን፣ ስኳር ተወደደ እንዴ?» አሉኝ። ስኳሩን ጨመርሁ፤ እስከ ሦስት ሰዓትም ተጫወትን። ለዛሬው ይብቃን።