«የእጁን አገኘ» አንበል

ሚያዝያ 23 ቀን 1986 ዓ.ም. ብራዚላዊው የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ አይርተን ሴና ጣሊያን ውስጥ ኢሞላ ላይ ከግንብ ጋር ተጋጭቶ በ34 ዓመቱ ሞተ። አገሩ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። መቃብሩ ላይም ከእግዚአብሔር ፍቅር የሚለየው እንደሌለ ተጻፈ (ሮሜ 8፥39)። በፍጥነት መሞቱ ለቅሶውን አልቀነሰበትም።

በእኛም መንገድ የሚፈጥኑ አሉ። ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ እንዲደርስ ከአወዳይ ተነስተው፣ ካራማራን አቋርጠው ወደ ጅግጅጋና ቶጎ ውጫሌ የሚበሩ ሾፌሮች። ከእነርሱ አንዱ ሲሞት ግን በአማኞች መካከል «የእጁን አገኘ» ሲባል እንሰማለን።

ጌታ ኢየሱስ እንዲህ አላለም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌላው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፣ በሕይወት ያሉትን ለንስሐ ጠራ (ሉቃ. 13፥4-5)።

ጫትን አንደግፍም፤ መንገደኛ የሚቀጥፈውንም ፍጥነት አናቃልልም። ሟቹ ግን የሚያለቅሱለት እናትና ልጆች አሉት። ቤተሰቡ ሙስሊም ቢሆንም ለቅሶ እንድረስ፤ ከሚያለቅሱ ጋር እናልቅስ (ሮሜ 12፥15)። ፍርዱን ለፈራጁ እንተው። ነገ የሚነዳውንም «ወንድሜ፣ ቀስ በል፤ ነፍስህ ከጭነቱ ትበልጣለች» እንበለው።

ጌታ የሚራራ ልብ ይስጠን።