ስለ ባስ ጊታር ቃናና ስለ ማርካዎች ወዳጃዊ ፉክክር

ገበያ ያለ ፉክክር አይደምቅም፤ ፉክክርም ያለ መከባበር አይጸናም። ሁለት ነጋዴዎች በአንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍተው አንዱ የሌላውን ዕቃ እያጣጣለ ቢሸጥ፣ በመጀመሪያ ጎረቤቱን፣ ቀጥሎ ደንበኛውን፣ በመጨረሻም ገበያውን ራሱን ያጣል። ይህ እውነት በእህልም ሆነ በጨርቅ ንግድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብዙ ነጋዴ በማይጠረጥረው ዕቃ፣ ይኸውም በኤሌክትሪክ ባስ ጊታር ላይ፣ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

በአሰላና በአርሲ ከተሞች የሙዚቃ መሣሪያ የንግዱ ትንሽ ክፍል ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። የሠርግ ባንድ፣ የመዘምራን ኅብረት፣ የትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ፣ ሁሉም ባስ ጊታር ያሻቸዋል። ገዢው ብዙውን ጊዜ ገና ኑሮው ያልጸና ወጣት ነው፤ የሚከፍለውም ገንዘብ የብዙ ወራት ቁጠባ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው እጅግ ከፍ ብሏል። እንግዲህ ያ ወጣት በስም ብቻ ተመርቶ የማይስማማውን መሣሪያ ይዞ ቢሄድ፣ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ያስመጣው ነጋዴም ደንበኛና መልካም ስም አብረው ይቀሩበታል።

ነገሩን ለመረዳት የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ተራው ባስ ጊታር አራት ወፋፍራም ክሮች አሉት። ከሁሉ የወፈረው ክር ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ሥራው ከበሮውን ከዜማው ጋር ማያያዝ ነው፤ በቤት ሲመሰል መሠረት ነው። መሠረት ሲኖር ማንም አያስተውለውም፤ ሲጎድል ግን ቤቱ ሁሉ ይናጋል። የኢትዮጵያውያን ጆሮም ለዝቅተኛ ድምፅ እንግዳ አይደለም። በገና በአሥር አውታሮቹ ከጥንት ጀምሮ ይህንኑ ጥልቅ ድምፅ ሲያሰማ ኖሯል፤ እንዚራ የሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ከአውታሩ ጋር እየተነካኩ የሚሰጡት ንዝረትም የበገና ልዩ ምልክት ነው። ደርዳሪው እንዚራውን አስተካክሎ ያን ንዝረት እስኪያገኝ ድረስ በገናው ተቃኘ አይባልም። ቃና የዕቃው ጌጥ ሳይሆን የዕቃው ነፍስ መሆኑን ይህ ብቻውን ያስረዳል።

ኤሌክትሪክ ባስ ጊታር በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ያገኘውን ሥፍራ ለማወቅ የአዲስ አበባን ባንዶች ማስታወስ ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድ ደግሞ በሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። በአይቤክስ ባሱን የያዙት ጆቫኒ ሪኮ፣ በዋልያስ መላከ ገብሬ ነበሩ። የሁለቱ ባንዶች ስያሜ እንኳ የሚያስደንቅ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ዋልያ የሚመደብበት የዱር ፍየል ወገን በፈረንጅ አፍ አይቤክስ ይባላልና፣ ሁለቱም የአንዱን እንስሳ ስም በልዩ ልዩ ቋንቋ ተሸክመው ነበር። በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን፣ በ1977 ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ «ቼ በለው»ን በሸክላ አወጡ። የአንዱ ባንድ መኖር ሌላውን አላከሰመውም፤ እንዲያውም የከተማይቱ አድማጭ ሁለት ቃና አገኘ። አድማጭ ሲበዛ የሸክላው ነጋዴም፣ የሆቴሉም ጌታ፣ የመሣሪያው አስመጪም ተጠቀሙ።

ወደ ማርካዎቹ ስንመለስ፣ የታሪኩ ዋና ሰው ሊዮ ፌንደር የተባሉት አሜሪካዊ ናቸው። እኚህ ሰው በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የነበራቸው ሲሆን ጊታር መጫወት ከቶ አያውቁም ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሱቃቸው የሚመጡትን ተጫዋቾች አቤቱታ በጥሞና ያዳምጡ ነበር። የዚያን ጊዜ የባስ ተጫዋች ከቁመቱ የሚበልጠውን ደብል ባስ ተሸክሞ ይዞራል፤ ድምፁም በሌሎቹ መሣሪያዎች ይዋጥበታል። ስለዚህ በ1951 ፕሪሲዥን ባስ የተባለውን በትከሻ የሚንጠለጠል መሣሪያ አወጡ። አንገቱ ላይ ፍሬት ስላለበት ጣት ሳይሳሳት ትክክለኛውን ድምፅ ያገኛል፤ ስሙም ከዚሁ ትክክለኛነት የመጣ ነው። በ1960 ደግሞ አንገቱ የቀጠነና ሁለት የድምፅ መቀበያ ማግኔቶች ያሉትን ጃዝ ባስ አስከተሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ነጋዴ የሚሸጠውን መሣሪያ መጫወት ባይችል ነውር የለበትም፣ የሚጫወተውን ሰው አለመስማት ግን ነውር ነው።

ሌሎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። የጊብሰን ኩባንያ በ1953 የራሱን ኤሌክትሪክ ባስ አቀረበ፤ የኋለኞቹም ጊብሰኖች በማሆጋኒ እንጨትና በአጭር አንገት እየተሠሩ ጥቁርና ድፍን ያለ ድምፅ ሰጡ። የጀርመኑ ሆፍነር በቫዮሊን ቅርፅ የተሠራና ውስጡ ክፍት የሆነ ቀላል ባስ ሠራ፤ ፖል ማካርትኒ በ1961 በሃምቡርግ ገዝተው በዓለም ያስታወቁት ይህንኑ ነው። ሪከንባከር ደግሞ እንደ ደወል ጠርቶ የሚሰማ ድምፅ አመጣ። ከእነዚህ መካከል ፍጹም ጥሩ ወይም ፍጹም መጥፎ የለም። የአርሲ ገበሬ ለብቅል የሚሆነው ገብስ ሌላ፣ ለበሶና ለቆሎ የሚሆነው ሌላ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንዱን አሞግሶ ሌላውን ገብስ አይደለም የሚል ገበሬ የለም። የባስ ጊታርም ነገር እንዲሁ ነው።

ማርካዎቹ ሲፎካከሩ መኖራቸው እውነት ቢሆንም፣ በመካከላቸው ያለው ዝምድና ግን ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ያስደንቃል። በጊብሰን ቤት የማግኔቱን ጉርምርምታ የሚያጠፋውን ዝነኛ የድምፅ መቀበያ የፈለሰፉት ሴት ላቨር በ1967 ወደ ፌንደር ቤት ተዛውረው ሠርተዋል። ቀድሞ የጊብሰን ብርቱ ተፎካካሪ የነበረው ኤፒፎን በ1957 የጊብሰን ንብረት ሆኗል። ሊዮ ፌንደር ራሳቸው ኩባንያቸውን በ1965 ለሲ.ቢ.ኤስ. በ13 ሚሊዮን ዶላር ከሸጡ በኋላ፣ ሙዚክ ማን በተባለው ማርካ በ1976 ስቲንግሬይ ባስን በማውጣት በገዛ ስማቸው ከሚጠራው ማርካ ጋር በአንድ ገበያ ተሰለፉ። ይህ ባስ በውስጡ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማበልጸጊያ ስላለው ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ጉልበት ነበረው። እንግዲህ ሰውዬው ከራሳቸው ስም ጋር ሲወዳደሩ የቀድሞ ሥራቸውን አላንቋሸሹም፤ ሌላ ቃና ሠርተው አቀረቡ እንጂ።

የጃፓኖቹም ታሪክ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። አይባኔዝ የተባለው ማርካ በ1970ዎቹ የአሜሪካኖቹን ቅርፅ እየቀዳ ይሸጥ ስለነበር፣ የጊብሰን ባለቤት በ1977 በፍርድ ቤት ከሰሰው፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። ከዚያ ወዲያ አይባኔዝ በራሱ ቅርፅና በራሱ ድምፅ ተማምኖ ስም ያለው ማርካ ሆነ። ለአይባኔዝ ጊታር ይሠራ የነበረው ፉጂጌን ፋብሪካም በ1982 በጃፓን የፌንደርን መሣሪያዎች እንዲሠራ በፌንደር ተመረጠ። ቀድሞ እንደ ቀጂ ይታይ የነበረው እጅ የዋናው ማርካ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። የሌላውን መልክ መስረቅ ለጊዜው ቢያተርፍም፣ ዘላቂ ሀብት የሚገኘው የራስን ቃና ከማውጣት መሆኑን ይህ ያረጋግጣል። በኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበን ምልክት ከአስመሳይ ይጠብቃል። በርካሽ እንጨት ላይ የታዋቂ ማርካ ስም ለጥፎ የሚሸጥ ሰው ተፎካካሪ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ የሚሠራው የሐቀኛውን ነጋዴ ድካም መቀማት ነው።

የወዳጃዊ ፉክክር ምሳሌ ለሚፈልግ የአሰላ ነጋዴ ግን ጃፓን ወይም አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም። የአሰላው ልጅ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና የኬንያው ፖል ቴርጋት በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ተገናኝተው ሁለቱንም ጊዜ ኃይሌ አሸነፉ፤ የሲድኒው ልዩነት ከሴኮንድ መቶኛ ዘጠኝ ብቻ ነበር። በ2003 ቴርጋት በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ሮጠው የዓለም ክብረ ወሰን ያዙ፤ በ2007 ኃይሌ በዚያው በበርሊን በ29 ሴኮንድ አሻሻሉት። አንዱ ሌላውን ባያስሮጠው ኖሮ ያ ሁሉ ፍጥነት ከየት ይመጣ ነበር? ሁለቱ ዛሬም በወዳጅነታቸው የታወቁ ናቸው። የተራራው አየር ሯጭን እንደሚያጠነክር፣ ብርቱ ጎረቤትም ነጋዴን ያጠነክራል።

«ደንበኛው የሚጠይቀው ስሙንና ዋጋውን እንጂ ቃናውን አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይህ ከፊሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ደንበኛው ቃና የማይጠይቀው ሰምቶ እንዲያመዛዝን ስለማይፈቀድለት ነው። ጨርቅ ሳይዳሰስ፣ ቡና ሳይቀመስ አይገዛም፤ ጊታር ብቻ በካርቶን እንደታሸገ የሚሸጥበት ምክንያት የለም። በሱቁ ውስጥ አንድ ማጉያ ተቀምጦ ሁለት ወይም ሦስት ባሶች አንድ በአንድ ቢሰሙ፣ ገዢው ጆሮው የመረጠውን ይዞ ይሄዳል፤ ተጸጽቶም አይመለስም። ደግሞም ቃና በማርካ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የዲትሮይቱ ጄምስ ጀመርሰን በሞታውን ሸክላዎች ላይ ያን ሁሉ ዜማ ያወጡት በአብዛኛው በፕሪሲዥን ባስና በአንዲት አመልካች ጣት ነበር። ይህን ለገዢው በግልጽ የሚነግር ሻጭ ውድ ዕቃ አንድ ቀን ባይሸጥም፣ የሚታመን ሰው ሆኖ ብዙ ዘመን ይሸጣል።

ከቃናው ጋር ተያይዘው አስመጪው ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ክር ነው። ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመበት ክር ለስላሳና ድፍን ድምፅ ሲሰጥ፣ ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት ደማቅ ድምፅ ይሰጣል፤ የረጅሙ የፌንደር አንገት 34 ኢንች፣ የአጭሩ የሆፍነር 30 ኢንች ስለሆነ ለአንዱ የተሠራ ክር ለሌላው አይስማማም። ጊታሩን አስመጥቶ ክሩን የረሳ ነጋዴ፣ ደንበኛው ለአንድ ክር ሲል እስከ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲጓዝ ይፈርድበታል። ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ነው፤ ከእነዚህ አገሮች የሚመጣ ያገለገለ ማጉያ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። ሦስተኛው እንጨቱ ነው። ከጂቡቲ ሙቀት ተነሥቶ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት አሰላ የወጣ መሣሪያ አንገቱ ሊጎብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከነሣጥኑ ጥቂት ቀን አርፎ፣ በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ በቁልፉ ተስተካክሎ ለሽያጭ ቢቀርብ መልካም ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ባለሱቆች ሥራውን ተከፋፍለው ቢይዙት ይበጃል። አንዱ የአሜሪካና የሜክሲኮውን፣ ሌላው የጃፓንና የኢንዶኔዥያውን፣ ሦስተኛው ክሩን፣ ገመዱንና ማጉያውን ቢያቀርብ፣ ደንበኛውንም «እኔ ዘንድ የለም፣ ከጎረቤቴ ሱቅ ታገኛለህ» ብሎ ቢመራው፣ ሁሉም ጥቂት ዕቃ እየቀዱ በዋጋ ብቻ ከሚተራረዱ ይልቅ የሁሉም ገበያ ይሰፋል። የተሠራበት አገርም በግልጽ ይነገር፤ ስኳየር የፌንደር፣ ኤፒፎን የጊብሰን ታናሽ ማርካ መሆናቸው ነውር አይደለምና፣ ተደብቆ ሲሸጥ ብቻ ነው ነውር የሚሆነው።

ባንድ የሚያምረው ባሱ ከበሮውን ሳይጫን፣ ከበሮውም ባሱን ሳይውጥ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቃና ሲጫወት ነው። የአሰላ ገበያም ነጋዴዎቹ በዚሁ ሥርዓት ቢፎካከሩ፣ ወጣቱ ገዢ ገንዘቡን በከንቱ አያባክንም፤ ነጋዴውም ትርፉንና ስሙን አብሮ ይጠብቃል።