ካሜራው ከሣጥን ይውጣ

ዛሬ በአሶሳ ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራ ይዟል። በምረቃ ቀን፣ በዒድና በመስቀል፣ በማንጎው ጥላ ሥር ሳይቀር የሚነሣው ፎቶግራፍ ተቆጥሮ አያልቅም። ነገር ግን ከመካከላችን ከአምስት ዓመት በፊት የተነሣውን የአያቱን ፎቶግራፍ በእጁ ይዞ ሊያሳየን የሚችል ስንቱ ነው? ስልኩ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ውኃ ይገባዋል፤ ፎቶግራፉም አብሮት ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በየቤቱ ሣጥንና በየአሮጌው ፎቶ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው የተቀመጡት ተጣጣፊ ካሜራዎች ይሰብሰቡ፤ በተማሪዎች እጅ ይጠገኑ፤ ወደ ሥራም ይመለሱ።

ተጣጣፊ ካሜራ የምንለው ሲዘጋ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ከኮት ኪስ የሚገባውን፣ ሲከፈት ግን ሌንሱ ከጥቁር ወናፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ፊት የሚወጣውን ነው። የጀርመኖቹ ኢኮንታ፣ ቤሳና ኢዞሌት፣ የኮዳክም ልዩ ልዩ ዓይነቶች ከዚሁ ወገን ናቸው። ብዙዎቹ የሚጎርሱት ኮዳክ በ1901 እ.ኤ.አ. ያወጣውን 120 የተባለውን ሰፊ ፊልም ነው፤ ይህም ፊልም እስከ ዛሬ በእንግሊዝ፣ በቼክና በአሜሪካ ይሠራል። አንዱ ጥቅል በ6 በ9 ሴንቲ ሜትር ልክ 8፣ በ6 በ6 ደግሞ 12 ፎቶግራፍ ይሰጣል። ከ6 በ9 የሚገኘው ነጋቲቭ ከተራው የ35 ሚሊ ሜትር ነጋቲቭ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ሳይጎላ በቀጥታ ወረቀት ላይ ቢታተም እንኳ የሰው መልክ ይለያል።

ይህ ነገር ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተማሪ ምን ያደርግለታል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። የክልላችን ሕዝብ በሌላ ሰው ካሜራ ሲነሣ ኖሯል። ጣሊያናዊው ቪኒጂ ግሮታኔሊ በወረራው ዘመን ስለ ማኦ ሕዝብ ያጠናውን መጽሐፍ በ1940 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አሳትሟል። የተማረውን ሰው ስላጠና አንወቅሰውም፤ የሚያሳዝነን ግን የማኦ ልጅ የቅድመ አያቱን ዘመን ሊያይ ቢፈልግ ከራሱ ቤት ሣጥን ይልቅ የሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት መፈለግ ግድ የሚሆንበት መሆኑ ነው።

የቅርቡንም እንመልከት። በጉባ ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሐይቁ ሲሞላ ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በግድቡ እንኮራለን። ይሁን እንጂ ለግድቡ ሲባል ከወንዙ ዳር ተነሥተው ሌላ ቦታ የሠፈሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸው የተወለዱበትን መንደር ከእንግዲህ በፎቶግራፍ ካልሆነ አያዩትም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት የተፈናቀለውም ሰው ይዞ የወጣው ነፍሱን ነው እንጂ የሠርጉን ፎቶግራፍ አይደለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ በስልክ ያለውን ከየትኛው ወገን እንቁጠረው?

ነጋቲቭ ተደብቆም ቢሆን ይቆያል። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ በንጉሡና በደርግ ዘመን ያነሡት ሥራ ዛሬ ሊታይ የቻለው ነጋቲቮቹን ስላተረፉ ነው። መንግሥት ተለወጠ፤ ነጋቲቩ ግን አልተለወጠም።

ጥገናው ያስፈራል ለሚሉን፣ ጥቂት ሆነን አንድ ኢዞሌት ፈትተን ያየነውን እንንገራቸው። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ የሚገኘው ሕመም ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው። አንደኛው የወናፉ መቀደድ ነው። ማታ ክፍሉን አጨልሞ ትንሽ ባትሪ ወናፉ ውስጥ ማብራት ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ ካለ በየማዕዘኑ እንደ ኮከብ ያበራል። ጥቂት ቀዳዳ በኮላ በተበጠበጠ ጥቁር ቀለም ይደፈናል፤ ብዙ ከሆነ ግን አዲስ ወናፍ ከስስ የፍየል ቆዳ መሥራት ይሻላል፤ ለዚህም የከተማችን ቆዳ ሰፊዎች እጅ ከእኛ እጅ ይበልጣል። ሁለተኛው የሌንሱ መዝጊያ በደረቀ ዘይት ተጣብቆ አልከፈት ማለቱ ነው። ለላይተር በሚሞላው ንጹሕ ቤንዚን ይታጠባል፤ ስስ ምላጮቹ ላይ ዘይት መጨመር ግን ክልክል ነው። ሦስተኛው ርቀት ማስተካከያው መድረቁ ነው፤ በኢዞሌት ላይ አሮጌው አረንጓዴ ቅባት እንደ ሙጫ ይጠነክራል። ቀስ ብሎ በሙቀት ማለስለስ እንጂ በጉልበት ማዞር ሌንሱን ያበላሻል።

ለአሶሳ ደግሞ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለን። በክረምቱ እርጥበት ካሜራን በቆዳ ማኅደሩ ዘግቶ መተው ሌንሱን ለሻጋታ መስጠት ነው፤ ሻጋታውም መስተዋቱን ይበላል። ከኋላ ያለችው ቁጥር ማንበቢያ ቀይ መስኮትም የተሠራችው ቀይ ብርሃን ለማያይ ፊልም ነበርና፣ ለዛሬው ፊልም ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ መሸፈን አለባት። ፊልም በ20 ዲግሪ ውኃ 9 ደቂቃ የሚታጠብ ከሆነ በ24 ዲግሪ ወደ 6 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል፤ የእኛ ውኃ ሞቃት ስለሆነ ይህንን ያላሰበ ፊልሙን ያቃጥላል። የመብራት መለኪያ ለሌለው፣ በጠራ ፀሐይ የብርሃኑን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጎ፣ ፍጥነቱን ለ100 ፊልም ወደ መቶኛ ሰከንድ ማስጠጋት ይበቃዋል። ማጠቢያ መድኃኒት ለቸገረውም፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ፊልም በፈጣን ቡናና በልብስ ማጠቢያ ሶዳ አጥበዋል። ቡና የበቀለው በእነማን አገር ነው? ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት ግን መገዛቱ አይቀርም።

«ፊልሙ ውድ ነው፤ በስልክ አንሥቶ ማሳተም አይቀልም ወይ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ፊልሙ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የሚያሳትም ካለ ያሳትም፤ እኛም እናመሰግነዋለን። ነገር ግን ስልኩ ሺህ ፎቶግራፍ ስለሚችል ሺሁንም እናነሣለን፣ አንዱንም አናትምም። ስምንት ብቻ ያለው ሰው ግን ይቆጥባል። ከሽማግሌው ፊት ተቀምጦ «አባባ፣ ላንሣዎትን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስማቸውን ይጽፋል፤ እንቢ ካሉም ካሜራውን አጥፎ ቡናቸውን ይጠጣል። ከመኪና ወርዶ ሳይጠይቅ አንሥቶ የሚሄደውን ጎብኚ ስንነቅፍ፣ እኛ ከእርሱ የምንለይበትን ሥርዓት ማሳየት ይገባናል።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን እንዲወስን እንጠይቃለን። አንድ ጨለማ ሊደረግ የሚችል ክፍል ይፈለግ። ካሜራ ከቤቱ ያመጣ ተማሪ ንብረትነቱ እንደ ተጠበቀ ያውስ። ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ አንዱ ቅጂ ለተነሣው ሰው ይሰጥ፤ ሁለተኛው በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ነጋቲቩም የሰውየው ስም፣ መንደሩና ቀኑ በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦ ወይም በኮሞ እንደሚጠራው ተጽፎበት እዚሁ አሶሳ ይኑር። ለጉዞ ዕረፍት ወደ የወረዳው የሚሄድ ተማሪ አንድ ጥቅል ፊልም ይዞ ይሂድ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለክረምቱ ወደ ቤት ስንገባ የአባቶቻችንን ሣጥን እንክፈት። ወናፉ የተቀደደም ቢሆን አይጣል፤ ይዛችሁት ኑ። የማኅበሩንም መልስ በሚቀጥለው እትም በዚሁ ገጽ እንጠብቃለን።