ካዛንቺስ ወፍ አለ

ጓደኛ ተጠራርቶ፣ መኪና ተከራይቶና ካሜራ አንግቶ ለወፍ መውጣት ሲነሣ ሐሳባችን የሚሮጠው ወደ አዋሽ፣ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ባሌ ነው። ከአዲስ አበባዎቹ ካዛንቺስና ቂርቆስ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። የነዳጁ ወጪ ቀላል ባይሆንም ምክንያቴ እሱ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ የውጭ አገር ጎብኚ ለማየት ብሎ ብዙ ብር ከሚከፍልባቸው ጥቂቶቹ ደግሞ ታክሲ ስንጠብቅ ከራሳችን በላይ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ጉልላትና ከፎቅ ጠርዝ ላይ የምትሰፍረውን ግራጫ እርግብ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ማጅራቷ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት የዞረ ነጭ መስመር ያገኛል። ይህች እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለችም። ማለዳ እየጮኸ በሰማይ የሚያልፈው፣ ከዚያም ሣር ላይ ወርዶ በረጅም ቆልማማ መንቁሩ ትል የሚፈልገው፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍም እንደዚሁ የሁለቱ አገሮች ብቻ ነው። እነዚህን ሳያውቁ አዋሽ መውረድ ለእኔ የቤትን ደጃፍ ዘሎ እንደ መሄድ ነው።

ጉዳዩ ግን ከመዝናናት ያልፋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ በየአጥሩና በየጓሮው የነበረ ዛፍም አብሮ ተነክቷል። የትኛው ወፍ ሄደ፣ የትኛው ቀረ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሰፈሩ ሳይፈርስ የተያዘ መዝገብ ካለ ብቻ ነው። አሜሪካኖች በ1900 እ.ኤ.አ. የገና ዕለት የወፍ ቆጠራ ሲጀምሩ ተሳታፊዎቹ 27 ብቻ ነበሩ። የገናን አደን በቆጠራ እንተካ ያሉ ሰዎች የጀመሩት ነገር ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ መረጃ ሰጥቷል። ይህ ምሁርነትን አልጠየቀም፤ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት እዚያው ቦታ መመለስን እንጂ። ፎቶ ደግሞ ቀንና ቦታ ከተጻፈበት ማስረጃ ይሆናል። ካልተጻፈበት ያው ቆንጆ ሥዕል ነው።

«አዲሱ የኮሪደር ልማት እኮ ከድሮው የበለጠ አረንጓዴ ነው» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል፤ በመንገዱ ዳር የተተከለውን ማጣጣል አልፈልግም። ነገር ግን የተከረከመ ሣርና ዘንባባ፣ ከነፍሬው ከቆመ ወይራ ወይም ከጽድ ጋር አንድ ዓይነት ወፍ አያኖሩም። ሣር ላይ ትል ለቃሚው ይጠቀም ይሆናል፤ አበባ የምትቀስመውና ፍሬ የሚለቅመው ግን ሊጎዱ ይችላሉ። ማን እንደተጠቀመና ማን እንደተጎዳ በክርክር አይለይም፤ ይቆጠር የምለውም ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ወቀሳ ነው፦ ሰው ከተወለደበት ሰፈር ተነሥቶ እያለ ስለ ወፍ ማውራት ምን ይሉታል? ወፍ ከሰው ይቀድማል አላልሁም። ዳሩ ግን የወፍ ነገር መጨረሻው ሰው ላይ የሚወድቅበት ጊዜ አለ።

ለቂርቆስ ቅርብ የሆነውን ቄራ እንውሰድ። እዚያ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመድቧል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ቄራዎች ለዓመታት የተደረገ ክትትል ጥንብ አንሳው ሲቀንስ የውሻው ቁጥር እንደጨመረ አሳይቷል። ሕንድ ይህን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አይታዋለች። ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ጥንቡን የበሉትን አሞሮች ጨረሳቸው፤ ጥንቡ ለውሻ ቀረ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ መጣ። ልክስክስ እያልን የምንጠየፈው ወፍ ያለ ደመወዝ የከተማ ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ መቅረቱንም አስቀድሞ የሚነግረን ቆጣሪው ነው።

የቀረው የካሜራ ነገር ነው። ካዛንቺስና አካባቢው ቤተ መንግሥት፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ኤምባሲና ሆቴል የተደረደረበት ነው፤ ረጅም ሌንስ ያነሣ ሰው ቶሎ ጥበቃ ይመጣበታል። ሥጋቱን ከንቱ ማለት አይቻልም። ቆጠራ ግን በዓይንና በጆሮ፣ በደብተርና በእርሳስ ይሠራል። ካሜራው ፓርክ ውስጥ፣ በሆቴል አትክልት ስፍራ፣ በደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይውጣ፤ ጎጆ ላይ ያለች ወፍ ግን ለፎቶ ስትባል አትረበሽ። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለእንዲህ ያለው የወፍ ቆጣሪዎች ቡድን የትብብር ደብዳቤ ቢጽፍ ብዙ በር ይከፈታል። ጥበቃዎቹንም መሸሽ አያስፈልግም። ሌሊቱን ግቢ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ጉጉቷ ከየትኛው ዛፍ ላይ እንደምትጮህ ከባለካሜራው ይልቅ ያውቃል።