ምችና የፈተና ሰሞን

የግንቦት ልደታ ንፍሮ ተበልቶ ካለቀ ጀምሮ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ በዚህ በልደታ ትምህርት ቤታችን ግቢ የሚመላለስ ሰው፥ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣ ተማሪ ሳያይ አይውልም። እናቶቻችን ይህን «ምች መታው» ይሉታል። በልቶ ፀሐይ ላይ ስለ ወጣ ነው ብለው ዳማከሴ ይቀጥፉና ጭማቂውን በቡና ያጠጡታል። ነገር ግን የኅዳር ፀሐይ ከሰኔ ፀሐይ የበረታ ሆኖ ሳለ፥ በክፍላችን ምች የሚበዛው ደመና በሚከብድበትና ፈተና በሚቀርብበት ወራት መሆኑ ስለ ምን ነው? መልሱ ተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን ወላጆችንና መምህራንንም የሚመለከት ስለ ሆነ ሐሳቤን እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

በከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ሥራ ነው። በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ይህን ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም የያዛቸው በልጅነታቸው ነው። አንድ ጊዜ ከገባ አይወጣም። የፊታችንን ስሜት ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ ሥር ተደብቆ ይተኛል። ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ዘበኛ ከብበው ስለሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ ሊነሣ አይችልም። የሚነሣው ዘበኛው ሲዘናጋ ነው። ዘበኛውን ከሚያዘናጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ከራሳችን ሰውነት የሚመነጭ ሆርሞን ነው።

ሰው ሲፈራና ሲጨነቅ አንጎል በሥሩ ላለችው አተር ለምታክል ዕጢ ትእዛዝ ይሰጣል፤ እርሷም በኩላሊት አናት ላይ ለተቀመጡት ሁለት ዕጢዎች ታስተላልፋለች፤ እነርሱም ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ጅብ ሲያባርረን ይህ መልካም ነገር ነው፤ ለጡንቻና ለአንጎል ስንቅ ያቀርባልና። ጭንቀቱ ሳምንታት ሲቆይ ግን ይኸው ሆርሞን የነጭ ሕዋሳትን ሥራ ያዳክማል። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ፥ ጭንቀት በነርቭ ሥር ያሉትን ዘበኞች አድክሞ የተኛውን ሄርፐስ እንዲነሣ እንደሚያደርግ ታይቷል። በተፈጥሮ ኮርቲሶል በጧት ከፍ ብሎ በእኩለ ሌሊት ዝቅ ይላል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን በማግሥቱ ምሽት ዝቅ ሊል የሚገባው ሳይወርድለት ይቀራል።

በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎች ደም በፈተና ሰሞንና በዕረፍት ጊዜ እየተወሰደ ሲነጻጸር፥ በፈተና ሰሞን ቫይረስን የሚገድሉት ሕዋሳት ደክመው፥ የሄርፐስም መነሣት ምልክት ጨምሮ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 164 ጤነኛ ሰዎች የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ተጨምሮላቸው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የተኙት፥ ከ7 ሰዓት በላይ ከተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዛቸው ዕድል ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። መጽሐፍ ታቅፎ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት መቀመጥን የጉብዝና ምልክት አድርገን ለምናይ ሁሉ ይህ ቁጥር ሊያሳስበን ይገባል።

ይህን ስል ሆርሞኑን ጠላት ማድረጌ አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020፥ የኮርቲሶል ዘመድ የሆነው ዴክሳሜታዞን የተባለ ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ሕመምተኞች መካከል የሚሞቱትን በሲሶ ያህል እንደ ቀነሰ በእንግሊዝ አገር ተረጋግጧል። እነዚያን ሰዎች ይገድላቸው የነበረው የመከላከያው ድካም ሳይሆን ከልክ ማለፉ ነበርና ልጓሙ ጠቀማቸው። እናቶቻችንም ቢሆኑ ፈጽሞ አልተሳሳቱም፤ ብርቱ ፀሐይ ይህን ቫይረስ እንደሚቀሰቅስ ሐኪሞችም ይመሰክራሉ። ከእኅቶቻችን ደግሞ በወር አበባቸው ሰሞን የሚነሣባቸው አሉ፤ ያም ከሆርሞን መለዋወጥ ጋራ የተያያዘ ነው እንጂ ለሣቅና ለሹክሹክታ ምክንያት የሚሆን አይደለም።

«ያለ ድካም ዕውቀት የለም» የሚለኝ ይኖራል። ፍርሃታችንም ከንቱ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ማን ይረሳል? ከዚህም በላይ ሁላችንም የምናነብበት ክፍል ያለን አይደለንም። በልደታ በአንዲት የቀበሌ ቤት ከአምስት ወንድምና እኅት ጋራ የሚኖር ልጅ፥ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ፥ ሕፃናቱም እስኪተኙ ድረስ ደብተሩን የሚዘረጋበት ቦታ የለውም። እንዲህ ያለውን ልጅ «በጊዜ ተኛ» ብሎ መምከር ብቻውን በችግሩ ላይ መቀለድ ይመስለኛል። ሌሊቱን የመረጠው ወዶ አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለወላጆች ኮሚቴ ነው። በግንቦትና በሰኔ ቤተ መጻሕፍቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ከሚዘጋ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይከፈት፤ ቤቱ የማይመቸው ተማሪ በዚያ አጥንቶ፥ ቤቱ ሄዶ እራቱን በልቶ ይተኛ። ሩቅ የሚኖሩት ሴቶች ልጆች በቡድን ሆነው ከዘበኛ ጋራ የሚሸኙበት መንገድ ይታሰብ። መምህራንም የሞዴል ፈተናዎችን በአንድ ሳምንት ከመከመር በሦስት ሳምንት ቢከፋፍሉልን አንለምንም ነበር። ወጪው ለአንድ ተረኛ መምህርና ለአንድ ዘበኛ አበል፥ ለመብራትም ጥቂት ነው፤ ከክፍላችን 10 ተማሪዎች በየተራ ወንበር ለማስተካከልና ቤቱን ጠርገን ለመዝጋት ዝግጁ ነን።