በጓዳ የተሰጠ ፍርድ

አንድ የዜና ድረ ገጽ ስትከፍቱ ከጽሑፉ ጎን ብቅ የሚለው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ አስተዋዋቂው ራሱ መርጦ ያስቀመጠው አይደለም። ገጹ ተከፍቶ እስኪታይ ባለው ቅጽበት ኮምፒውተሮች ተጫርተው ያመጡት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ማን ዘንድ እንደ ደረሰ ከፋዩ እንኳ ሳያውቅ ይቀራል፤ ሐሰት ፈብርከው የሚያሠራጩ ገጾችም ከዚሁ ጨረታ ድርሻቸውን ያገኛሉ።

ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ ግሎባል ዲስኢንፎርሜሽን ኢንዴክስ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ የዜና ገጾችን እየመዘነ፣ አደገኛ ያላቸውን በመዝገብ አስፍሮ በማስታወቂያ ንግድ ለተሠማሩ ኩባንያዎች ያቀርባል፤ እነርሱም ከተመዘገቡት ገጾች ማስታወቂያ ያርቃሉ። የብሪታንያ መንግሥትም በገንዘብ ደግፎት ነበር። በሐሰት ማትረፍ ይቁም የሚለውን ዓላማ የሚቃወም ያለ አይመስለኝም።

መዝገቡ ግን ለሕዝብ አይገለጥም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 አንኸርድ የተባለው የብሪታንያ ድረ ገጽ ዋና አዘጋጅ ፍሬዲ ሴየርስ እንደ ገለጹት፣ ገጻቸው ያገኘው የማስታወቂያ ገቢ ከሚጠበቀው ከ2 እስከ 6 በመቶው ብቻ ነበር። ምክንያቱን ሲያጣሩ ስማቸው በዚያ መዝገብ መስፈሩን ደረሱበት። የቀረበባቸውም ክስ ሐሰት ሆኖ የተገኘ ዜና አልነበረም፤ አንዳንድ ጸሐፊዎቻቸው በፆታ ማንነት ጉዳይ የያዙት አቋም ነበር።

ይህ ሊሆን የቻለው ድርጅቱ ለሐሰተኛ መረጃ ከሰጠው ትርጉም የተነሣ ነው። በእርሱ አገላለጥ መመዘኛው የሐሰትና የእውነት ልዩነት ብቻ ሳይሆን በሌሎች ላይ ጠላትነትን የሚቀሰቅስ ትረካም ነው። እውነትን ቆራርጦ በመቀጠል ሰውን ማሳሳት እንደሚቻል አልክድም። ነገር ግን አንድን ሰው ሐሰተኛ ብሎ የሚከስ፣ የተናገረውን ሐሰት ነቅሶ ማሳየት አለበት። አለዚያ የሐሳብ ልዩነት በሐሰት ስም ይቀጣል፤ ዛሬ በእነርሱ ላይ የዋለው ሚዛን ነገ በማን ላይ እንደሚውል ማን ያውቃል?

አስተዋዋቂ ገንዘቡን በወደደው ቦታ የማዋል መብት አለው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆኖም መዝገቡን ያላየ አስተዋዋቂ መረጠ አይባልም፣ ተመረጠለት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተመሠረተው ኒውስጋርድም በምዘናው ብዙ ተቃዋሚዎች አሉት። ቢሆንም ዘጠኝ መመዘኛዎቹን አሳውቆ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ዝቅተኛ ነጥብ ከመስጠቱም አስቀድሞ የገጹን ባለቤት ያናግራል። በእኛ ዘንድ የመንደር ሽማግሌ እንኳ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ ነገር አይቋጭም፤ የሰውን እንጀራ የሚነካ መዝገብ ከዚህ ሊያንስ አይገባውም።

እናንተም አንድ ገጽ አደገኛ ተብሎ መፈረጁን ስትሰሙ፣ የትኛው ዜናው ሐሰት ሆኖ እንደ ተገኘ ጠይቁ። ዜናውን ከነማስረጃው የሚያሳያችሁ ካገኛችሁ፣ ያንን ገጽ ለወዳጆቻችሁ ማጋራታችሁን አቁሙ።